ጭሱ የት ነው? ስለ ተራራ፣ ስለ ካርታና ስለ እሳት ቃፊር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለች ናት። ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በእኛ አገር ሰማዩ ይደፈርሳል። ከዱርቤቴ ወጣ ብሎ ዙሪያውን ለሚቃኝ አንድ ሁለት የጭስ ዘንግ አይጠፋም። አንዱ የከሰል ነው፣ አንዱ ማሳ የሚያጸዳ ገበሬ ነው፣ አንዱ ማር ቆራጭ ነው፣ አንዱ ግን ከእጅ ያመለጠ እሳት ሊሆን ይችላል። «ያ ጭስ የት ነው?» ብላችሁ አምስት ሰው ብትጠይቁ አምስት መልስ ነው የምታገኙት። «ከወንዙ ማዶ»፣ «ከጎጡ በላይ»፣ «ኧረ እዚያ ጋ!»። ጣት ይቀሰራል፣ ቦታው ግን አይታወቅም።

የዛሬው ነገሬ ስለዚህች ትንሽ ጥያቄ ነው። ትንሽ ትመስላለች እንጂ ብዙ ታሪክ አለባት።

ጭስ ቦታ ይጠቁማል የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ የምንደምረው እኮ ለዚሁ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ንግሥት እሌኒ የመስቀሉ መቀበሪያ ሲጠፋባት እንጨት አስደምራ፣ እጣን ጨምራ አቃጠለች፤ ጭሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ቦታውን አመለከታት። ዛሬም ደመራው ወዴት ወደቀ ብለን የምናይ ሰዎች ነን።

ማማም የእኛው ነው። የአቸፈርና የቡሬ ልጅ ሆኖ ማማ ላይ ያልወጣ ማን አለ? በቆሎው እሸት ሲይዝ አራት ቋሚ ተክለን፣ ከላይ ረብርበን፣ ወንጭፍ ይዘን ዝንጀሮና ወፍ ስንጠብቅ አይደል ያደግነው? በጦርነት ዘመን ደግሞ ከሠራዊት ቀድሞ ከፍታ ላይ ሆኖ ጠላት ከየት እንደሚመጣ የሚያይ ሰው ነበር፤ ቃፊር ይባላል። እንግዲህ ማማ አለን፣ ቃፊር አለን፣ ጭስ ማንበብም እናውቃለን። የጎደለን ምንድን ነው?

ካርታው። እሱም ቢሆን ስላልተሠራ አይደለም። ከተራሮቻችን ላይ ተሠርቶ ተራሮቻችን ላይ ስላልቀረ ነው። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ አሜሪካ ደርሰን እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1910 በአይዳሆና በሞንታና ግዛቶች የተነሳ እሳት በሁለት ቀን ውስጥ 3 ሚሊዮን ኤከር ያህል ደን በላ። በእኛ ልክ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳት ለማጥፋት የወጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የደን አገልግሎት አንድ ነገር ገባው። እሳት ትልቅ ከሆነ በኋላ ሰው አያሸንፈውም፤ ትንሽ ሳለ ማግኘት ነው መፍትሔው። ስለዚህ በየተራራው ጫፍ የእሳት ማማ መሥራት ተስፋፋ። በኋላ ቁጥራቸው በሺዎች ደረሰ።

ማማ ላይ መቀመጥ ብቻውን ግን «ኧረ እዚያ ጋ!» ከማለት አያልፍም። ይህን የፈታው ዊልያም ኦዝቦርን የሚባል በኦሪገን ግዛት ይሠራ የነበረ የደን ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ አንድ መሣሪያ ሠራ፤ እሳት ማግኛ እንበለው። መሣሪያው እንደ ሞሰብ ክዳን ክብ ነው፤ ማማው መሃል ላይ ይቀመጣል። መሃሉ ላይ የአካባቢው ካርታ ተለጥፏል። የካርታው እምብርት ራሱ ማማው ያለበት ቦታ ነው። በዙሪያው በ360 ዲግሪ የተከፋፈለ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ላይ ፊት ለፊት የተተከሉ ሁለት ማነጣጠሪያዎች አሉ፤ አንዱ ቀዳዳ፣ አንዱ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ክፈፍ። ጠባቂው በቀዳዳው አጮልቆ ክሩን ከጭሱ ሥር ጋር ያገጣጥማል፣ ዲግሪውን ያነባል፣ በስልክ ይናገራል። በቃ።

ጠባቂዎቹ ለወራት ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። መብረቅ ሲበዛ እግሮቹ ብርጭቆ የተገጠመላቸው በርጩማ ላይ ነበር የሚቆሙት፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ። እሳቱን የሚያስነሳውም ብዙ ጊዜ መብረቁ ስለሆነ ማዕበል ሲመጣ መሸሽ የለም፤ መሥራት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። (ሒሳብ ስትሰሙ እንዳትሸሹ!)

አንድ ማማ የሚሰጣችሁ መስመር ብቻ ነው። «ጭሱ በ40 ዲግሪ ነው» ማለት በዚያ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ነው ማለት ነው፤ 3 ኪሎ ሜትርም ሊሆን ይችላል፣ 30ም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ማማ ሲጨመር ግን ሁለተኛ መስመር ይመጣል። ሁለቱ መስመሮች ካርታው ላይ የሚቆራረጡበት ነጥብ እሳቱ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሁለት ኮረብታ አለን እንበል፤ «ለ» ከ«ሀ» በስተምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሀ ሲታይ ጭሱ በ40 ዲግሪ ነው፤ ከለ ሲታይ በ310 ዲግሪ ነው። ወረቀት ላይ አስምሩት። ሁለቱ መስመሮች በ90 ዲግሪ ይቆራረጣሉ፤ እሳቱ ከሀ 6.4 ኪሎ ሜትር፣ ከለ ደግሞ 7.7 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ኮረብታ፣ አንድ ካርታ። ንባቡ በ1 ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ ከ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚያመጣው ስሕተት 175 ሜትር ገደማ ነው። እሳት ለማጥፋት ለሚሮጥ ሰው 175 ሜትር ምንም አይደለም። የተሳሳተ ሸለቆ ውስጥ መውረድ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ይሄ ሒሳብ በጎጃም ተራሮች ላይ የተሠራው ኦዝቦርን ከመወለዱ በፊት ነው።

አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 በምጽዋ በኩል ገብቶ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተቀምጧል። ወንድሙ አርኖ የጎጃሙ ገዥ የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወዳጅ ነበር። አንቷን ግን ሥራው ሌላ ነው። ቴዎዶላይት ይዞ ተራራ ይወጣል፣ የሚታየውን ጫፍ ሁሉ በየተራ ያነጣጥራል፣ ዲግሪውን ይጽፋል፣ የአገሬውን ሰው «ያ ተራራ ማን ይባላል?» ብሎ ስሙን ይመዘግባል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ተራራ። ይህን ሁሉ አስልቶ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርእስ አሳተመው። ልብ በሉ፣ ሒሳቡ ያው ነው። የእሳት ጠባቂው ተራራውን ያውቃል፣ ጭሱን ይፈልጋል። ዳባዲ አንዱን ተራራ ይዞ ሌላውን ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሰው ጎረቤታችን ነበር። ሜጀር ቺዝማን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ የተቀመጠው ዳንግላ ነው። አዎ፣ የእኛዋ ዳንግላ! ያን ጊዜ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን የሚዞርበት መንገድ በካርታ ላይ በአብዛኛው በነጥብ መስመር ነበር የሚሣለው፤ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ለማለት። ቺዝማን በበቅሎ በገደሉ አፋፍ እየዞረ የወንዙን አካሄድና የጣናን ዙሪያ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1936 «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት ተስማሙ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ተጠናቀቀ። በዓባይ ላይ ግድብ ሊሠራባቸው ይችላል የተባሉ ቦታዎች፣ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ የድንበሩ ግድብ፣ በዚያ ጥናት ውስጥ ናቸው። የዛሬው ሕዳሴ ግድብ የተሠራው በዚያ የድንበር ግድብ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ግን ያለ ልኬት አይሆንም። ስለዚህ ከግድቡ ሐሳብ በፊት ቀያሾች ተራራ ወጡ፤ ከጫፍ ጫፍ እያነጣጠሩ ተፋሰሱን በሦስት ማዕዘን መረብ ሸፈኑት።

የመረቡ መነሻ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ አዲንዳን የሚባል ቦታ ነው። የቆዩትን የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ 1 ለ50,000 ካርታዎች ጠርዝ አንብቡ፤ «አዲንዳን» የሚል ቃል ተጽፏል። ብዙ ተማሪ የጠየቀኝ ቃል ነው። የዓባይ ተፋሰስ ልኬት ከዓባይ ግርጌ ተነስቶ ወደ ላይ መጣ ማለት ነው።

እነዚህ ካርታዎች ውብ ናቸው። አንዱ ወረቀት በግምት 27 በ27 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የእኛ አካባቢ ካርታ ቁጥሩ በ1136 ይጀምራል፤ 11 ኬክሮሱ፣ 36 ኬንትሮሱ። ወንዙ፣ ኮረብታው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእግር መንገዱ ሁሉ አለበት። ለእሳት ማማ ከዚህ የተሻለ ካርታ አይገኝም።

ታዲያ ለምን ተራራው ላይ የለም?

አንዱ ምክንያት ታሪክ ነው። በጎጃም መለካት ማለት ብዙ ጊዜ መገበር ማለት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ተነሳ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ነበሩ። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ገማች ከመጣ ቀላድ ይከተላል፣ ቀላድ ከተጣለ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ነው። የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ተልኮበታል። በመጨረሻ ገዥው ተነሱ፣ ውዝፉም ተማረ። ይህን የሰማ አባት ኮረብታ ላይ ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተክሎ የሚያነጣጥር ሰው ሲያይ «እሳት ሊጠብቅልኝ ነው» ብሎ ያስባል? አያስብም። ካርታ ሁልጊዜ ከላይ የሚመጣና ይዞ የሚሄድ ነገር ነበር። ዳባዲ ወደ ፈረንሳይ ወሰደው፣ ቺዝማን ወደ ለንደን፣ የተፋሰሱ ጥናት ወደ ቢሮ። ስሙን የነገረው ገበሬ፣ መንገድ የመራው ልጅ፣ መሣሪያውን የተሸከመው በቅሎ ግን እዚሁ ቀሩ።

ይህ ፍርሃት ደግሞ የማይለወጥ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ አይታችኋል፤ ባልና ሚስት ስማቸውም ፎቷቸውም ያለበት። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ የማሳው ካርታ ጭምር ተሰጠ። ያኔ የተፈራው ልኬት ዛሬ በሳጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ሀብት ሆነ። ወሰን ሲነካ «ካርታዬን አምጡ!» የሚል ገበሬ አለን። ምን ተለወጠ? ካርታው እጁ ገባ። ለዚህ ነው ስለ ካርታ ስናወራ ማን ሠራው ብቻ ሳይሆን ማን እጅ ላይ ነው ብለን መጠየቅ ያለብን።

ሁለቱን ትልልቅ እሳቶቻችንን አስታውሱ። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሳው እሳት ለሳምንታት ነደደ፤ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ጎዳ። ወታደሩ፣ ገበሬው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ቅጠልና አካፋ ይዞ ዘመተ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መጋቢት ላይ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሳ፤ ጠፋ ሲባል ሚያዝያ ላይ አገረሸ። ጓሳው፣ አስታው፣ የዋልያው ቤት ነደደ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። የመጣው ሁሉ ይመስገን። ነገር ግን ሄሊኮፕተር የሚጠራው እሳቱ ካደገ በኋላ ነው። የአሜሪካኖቹ የ1910 ትምህርት «ትንሽ ሳለ» የሚል ነበር።

«አሁን እኮ ሳተላይት አለ፣ ስልክ አለ» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ አሜሪካም አብዛኞቹን ማማዎች ትታ ዛሬ ሰው የሚቀመጥባቸው ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። ግን ሁለት ነገር ልበል።

ሳተላይቱ በቀን የተወሰነ ጊዜ ነው በላያችን የሚያልፈው። እሳት ከሚያሳዩት መካከል በጣም የሚታወቁት አንዲት ነጥብ የምታክለው በአንዱ 1 ኪሎ ሜትር፣ በሌላው 375 ሜትር ነው። ደመና ሲኖር አያይም፣ ገና የጀመረች ትንሽ እሳት ታመልጠዋለች። ማማ ላይ ያለ ልጅ ግን የመጀመሪያዋን ጭስ ያያል።

ስልካችሁ ደግሞ የሚነግራችሁ እናንተ ያላችሁበትን ነው። ጭሱ ያለበትን አይነግራችሁም! ዱርቤቴ ቆማችሁ 12 ኪሎ ሜትር ማዶ ያለ ጭስ ብታዩ የስልኩ ነጥብ ዱርቤቴን ነው የሚያሳየው። እሳቱ ዘንድ ካልደረሳችሁ ቦታውን አያውቅም። ሁለት ስልክ፣ ሁለት ኮረብታ፣ በስልኩ ኮምፓስ ሁለት ዲግሪ ስትነበብና ካርታ ላይ ስትሰመር ግን ነገሩ ይለወጣል። የስልክ ኮምፓስ ይዋሻል እንዳትሉ፣ መጀመሪያ ቦታው በካርታ ላይ ወደሚታወቅ ጫፍ ወይም ቤተ ክርስቲያን አነጣጥራችሁ ልዩነቱን ማረም ትችላላችሁ። የማማ ጠባቂዎቹም ካርታቸውን የሚያስተካክሉት በሚታወቅ ጫፍ ነበር።

ማማ እንሥራ እያልኩ አይደለም፤ ማማው ተሠርቷል። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነው፤ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ ነው። አብዛኞቹ አድባራታችን የተተከሉት ከፍታ ላይ ነው። ዙሪያቸው ደን ነው፤ ያውም በብዙ ቦታ የቀረው የአገር በቀል ደን እሱ ብቻ ነው። ደወል አላቸው። ሌሊትም ቀንም ሰው አይጠፋባቸውም። አንዱ ደብር ከሌላው ይታያል። ሁለት ደብር ማለት ሁለት ማማ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ 1 ለ50,000 ካርታ በጠረጴዛ ላይ ለጥፎ፣ ደብሩ ያለበትን ነጥብ እምብርት አድርጎ፣ ዙሪያውን በፕሮትራክተር 360 ዲግሪ መከፋፈል የአንድ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ቀን ሥራ ነው። ካርታው ዛሬ በጠፈር ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ጊዜው ሲረጋጋ፣ ተራራ ላይ ካርታ ይዞ መቆም ጥያቄ የማያስነሳበት ቀን ሲመጣ፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ትምህርት ቤት ቢጀምረው ብዬ እመኛለሁ። የጂኦግራፊ መምህራን፣ «የካርታ ንባብ» ምዕራፍ ላይ ልጆቹ ለሚጠይቁት «ይሄ ለምን ይጠቅመናል?» ከዚህ የተሻለ መልስ ያላችሁ ንገሩኝ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥና ልጨርስ፤ መምህር ስለሆንኩ አይለቀኝም። በየአካባቢያችሁ ካሉ አባቶችና እናቶች ዘንድ ሄዳችሁ «በጃንሆይ ጊዜ ፈረንጆች የወጡበት ኮረብታ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ልኬት ሲሠራ ነጥቡ ላይ ቋሚ ምልክት ይተከላል፤ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ላይ የተመታ ብረት። ካገኛችሁ ፎቶ አንሱ፣ የኮረብታውን ስምና የነገሯችሁን ሰው ታሪክ ጻፉ። ግን አደራ፣ እንዳትቆፍሩት። ሥሩ ወርቅ የለም። ወርቁ ከላዩ ቆማችሁ የምታዩት ነው።